የታካሚ ምሥጢር በማን መዝገብ ይቀመጥ?
በብራውዘር የሚሠሩ የሕክምና ማስታወሻ ሶፍትዌሮች ጥቅም፣ ዋጋና ዕዳ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በፊንላንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የኢሜይል ሣጥናቸውን ሲከፍቱ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጠበቃቸው። ላኪው ማንነቱን አልገለጸም። ያለው ነገር ግን ግልጽ ነበር። ለሥነ ልቦና ሐኪምዎ የነገሩት ሁሉ በእጄ ነው፤ የ200 ዩሮ ዋጋ ያለው ቢትኮይን በ24 ሰዓት ውስጥ ካልላኩ ክፍያው ወደ 500 ዩሮ ያድጋል፤ ያንንም ካልከፈሉ ሁሉንም ለሕዝብ አወጣዋለሁ የሚል ነበር።

ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ቫስታሞ የተባለ የግል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ታካሚዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ይህ ድርጅት በአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች ወደ 25 የሚጠጉ ማዕከላትን ከፍቶ የሚሠራ፣ ከመንግሥት የጤና ተቋማትም በውል ታካሚ የሚቀበል፣ በዘርፉ ስሙ የታወቀ ኩባንያ ነበር። የ33,000 ያህል ሰዎች መዝገብ ተሰረቀበት። ከአራት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ ድርጅቱ ከስሮ ፍርድ ቤት ገባ።

ይህን ታሪክ በገበያ ገጽ ላይ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቫስታሞ የከሰረው ታካሚ አጥቶ አይደለም። የባንክ ዕዳም አልጣለውም። የጣለው የሐኪሞቹ ማስታወሻ የተቀመጠበት መንገድ ነው። ክሊኒክ ለመክፈት፣ በክሊኒክ ውስጥ አክሲዮን ለመግዛት ወይም ለክሊኒኮች ሶፍትዌር ለማቅረብ ለሚያስብ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይገኝም።

ማስታወሻው ምንድን ነው?

አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከታካሚው ጋር አንድ ሰዓት ያህል ከተነጋገረ በኋላ የሚጽፈው ጽሑፍ የሕክምና ማስታወሻ ይባላል። በብዙ አገሮች የተለመደው አጻጻፍ አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ታካሚው የተናገረው፣ ቀጥሎ ባለሙያው ያስተዋለው፣ ከዚያ የባለሙያው ግምገማ፣ በመጨረሻም የሚቀጥለው ዕቅድ ይሰፍራል። ይህ አቀራረብ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሎረንስ ዊድ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ያስተዋወቁት የመዝገብ አያያዝ ዘዴ ነው።

በሌላው ሕክምና መዝገቡ የደም ግፊት፣ የስኳር መጠን፣ የተሰጠ መድኃኒት ነው። በሥነ ልቦና ሕክምና ግን መዝገቡ ትዳር፣ ቂም፣ ሱስ፣ የልጅነት በደል፣ ማንም ዘመድ ያልሰማው ነገር ነው። የስኳር መጠንዎ ቢታወቅ ቅር ሊልዎት ይችላል። የትዳርዎ ምሥጢር ቢታወቅ ግን ቤትዎ ሊፈርስ ይችላል። ለዚህም ነው የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ ባለሙያው ከዋናው መዝገብ ለይቶ ለራሱ የሚይዘውን የንግግር ማስታወሻ ለብቻው አውጥቶ የበለጠ ጥበቃ የሰጠው። የመድን ድርጅቱ የቀጠሮውን ቀን፣ የሕክምናውን ዓይነትና የምርመራውን ውጤት ማየት ይችላል፤ ያን የግል ማስታወሻ ግን በአብዛኛው ያለ ታካሚው የተለየ ፈቃድ ሊያገኘው አይችልም።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ብንናገር፣ ይህ ማስታወሻ ለያዘው ድርጅት የሚያስገኘው ጥቅም የተወሰነ፣ ቢወጣ የሚያስከትለው ኪሳራ ግን ወሰን የሌለው ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሀብት መዝገብ ላይ አይታይም። በዕዳ መዝገብ ላይም አይጻፍም። ግን አለ።

ሦስት ዓይነት ሣጥን

በአሁኑ ጊዜ ባለሙያዎች ማስታወሻቸውን ለማደራጀት የሚጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በብራውዘር የሚከፈቱ ናቸው። በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ነገር የለም። ባለሙያው ድረ ገጹን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ያስገባል፣ ይጽፋል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ ጽሑፉ በመጨረሻ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ጽሑፉን ወደ ሻጩ ኩባንያ ሰርቨር ይልካል። ኩባንያው ያስቀምጣል፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፣ ቀጠሮና ሒሳብም አብሮ ይሠራል። ምቹ ነው፤ ገበያውን የያዘውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ቪስታ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት፣ ሲምፕል ፕራክቲስ የተባለውን የሐኪሞች ሶፍትዌር ከሌሎች ጋር በባለቤትነት የያዘውን ኢንጌጅስማርት የተባለ ኩባንያ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱ የገበያውን ስፋት ያሳያል። ይሁንና በዚህ ዓይነቱ አሠራር ኩባንያው ከፈለገ ጽሑፉን ማንበብ ይችላል። ኩባንያውን የሰበረም እንዲሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ጽሑፉን ከባለሙያው ኮምፒውተር ሳይወጣ በምስጠራ ይቆልፈውና የተቆለፈውን ብቻ ወደ ሰርቨር ይልካል። ቁልፉ በባለሙያው እጅ ይቀራል። ሰርቨሩ ቢዘረፍ ሌባው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ወደ ሰርቨር ምንም አይልክም። ዛሬ ያሉት ብራውዘሮች በራሳቸው ውስጥ የመረጃ ማከማቻ አላቸው። ሶፍትዌሩ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ማስታወሻው በዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ በብራውዘሩ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ብራውዘሮቹ የምስጠራ መሣሪያም አብረው ስለሚይዙ ጽሑፉ በባለሙያው የይለፍ ሐረግ ሊቆለፍ ይችላል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። የግል የሚባለው በትክክለኛው ትርጉሙ ይኸኛው ነው።

የቫስታሞ ሒሳብ

ወደ ፊንላንድ እንመለስ። ቫስታሞ የታካሚ መዝገብ ሥርዓቱን ያሠራው በራሱ ነው። በብራውዘር የሚከፈት ሆኖ መረጃው በአንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ማለትም ከላይ የጠቀስነው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በኋላ ባደረገው ምርመራ እንደተረጋገጠው፣ የመረጃ ቋቱ ለረጅም ጊዜ ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ የዋናው አስተዳዳሪ መግቢያም በይለፍ ቃል አልተጠበቀም። በራችንን ዘግተን መስኮቱን ከፍተን እንደመተኛት ነው። ሰርጎ ገብ በኖቬምበር 2018 ገባ። በማርች 2019 እንደገና ተደፈረ።

እዚህ ላይ ለኢንቨስተር የሚሆነው ክፍል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከሁለተኛው መደፈር ጥቂት ወራት በኋላ፣ ኢንቴራ የተባለ የፊንላንድ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት የቫስታሞን አብላጫ ድርሻ ገዛ። ገዢው ማዕከላቱን፣ የታካሚውን ቁጥርና ገቢውን ዐይቶ ገዝቷል። የመረጃ ቋቱ ሁለት ጊዜ መደፈሩን ግን አላወቀም። ጉዳዩ ሲወጣ ገዢው ሽያጩ እንዲፈርስለት ጠየቀ፤ ፍርድ ቤትም ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ የሻጮች ንብረት ታግዶ እንዲቆይ አዘዘ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ ጥቃቱ አላውቅም ነበር ሲል ተከራክሯል። የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በበኩሉ ድርጅቱ ቢያንስ ከማርች 2019 ጀምሮ ያውቅ ነበር ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የ608,000 ዩሮ ቅጣት ጣለ። በአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ቁጥሮቹን እናስላቸው። ሌባው መጀመሪያ ከድርጅቱ የጠየቀው 40 ቢትኮይን፣ በወቅቱ ዋጋ 450,000 ዩሮ ያህል ነበር። ይህ ለ33,000 ታካሚ ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ14 ዩሮ አይበልጥም። ድርጅቱ ስላልከፈለ ሌባው የመቶ መቶ ሰው መዝገብ በየቀኑ ማውጣት ጀመረ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ታካሚዎቹ አዞረ። እያንዳንዱ ሰው 200 ዩሮ ቢከፍል ድምሩ 6.6 ሚሊዮን ዩሮ ይሆናል። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት ገዢ፣ ሁለት ዋጋ ማለት ነው። ለድርጅቱ 14 ዩሮ የነበረው ምሥጢር ለባለቤቱ 200 ዩሮ ተተመነ። ምሥጢሩ ለማን ውድ እንደሆነ ሌባው ከድርጅቱ የተሻለ ገምቶ ነበር።

የከፈሉት ግን ጥቂት ናቸው። ከ20,000 በላይ የሚሆኑት ለፖሊስ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በድርጊቱ የተከሰሰውን አንድ ፊንላንዳዊ ጥፋተኛ ብሎ የ6 ዓመት ከ3 ወር እስራት ፈረደበት፤ ተከሳሹም ይግባኝ ጠየቀ። ፍርዱ ያም ሆነ ይህ የወጣው ጽሑፍ አይመለስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ ነው።

ያለ ሌባም ይወጣል

ምሥጢር የሚወጣው በሌባ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በአሜሪካ ቤተርሄልፕ የተባለው በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት የቴላዶክ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድርጅቱ የተገልጋዮቹን የኢሜይል አድራሻና ወደ ሕክምና መምጣታቸውን የሚያሳይ መረጃ ለፌስቡክ፣ ለስናፕቻት እና ለሌሎች የማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፏል ሲል ከሰሰው። ድርጅቱ ጥፋቱን ሳያምን 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እዚህ ላይ የተሰበረ መዝጊያ የለም። ገንዘብ የጠየቀም የለም። መረጃው የሄደው በተራ የንግድ አሠራር፣ ማስታወቂያ የበለጠ ሰው እንዲያመጣ ተብሎ ነው። የሐኪምና የታካሚ ንግግር ማስታወሻ አልተላለፈም፤ ይሁንና ሰውየው ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም መሄዱ ራሱ ምሥጢር ነው። ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። ሶፍትዌሩ ርካሽ ወይም ነፃ ከሆነ ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በእጅ ያለው ሣጥን ጉድለቶች

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ "እንግዲያስ ሦስተኛው ዓይነት ይሻላል" ሊል ይችላል። በእርግጥም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። 33,000 ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ በሚቀመጥበት ጊዜ ሌባው አንድ በር ብቻ ይሰብራል። 200 ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮምፒውተር ሲይዙት ሌባው 200 በር መስበር ይኖርበታል፤ ከእያንዳንዱ የሚያገኘውም ጥቂት ነው። የሌባው ወጪ ያድጋል፣ ትርፉ ይቀንሳል። ይህ ተራ የገበያ ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋ የሌለው ዕቃ የለም። ኃላፊነቱ ከሻጩ ወደ ባለሙያው ይዞራል።

አንደኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ሌላ ሰው የለም። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም አንድ ረዳት "ኮምፒውተሩ ስለዘገየ ላጽዳው" ብሎ የብራውዘሩን ማከማቻ ቢያጠፋ የዓመታት ማስታወሻ አብሮ ይጠፋል። የአፕል ሳፋሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጠቃሚው ለ7 የአጠቃቀም ቀናት ያልነካውን ድረ ገጽ ማከማቻ በራሱ ያጸዳል፤ ሶፍትዌሩ እንደ መተግበሪያ በስልኩ ገጽ ላይ ካልተቀመጠ በቀር ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት የወጣ ባለሙያ ሲመለስ ባዶ ገጽ ሊጠብቀው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የይለፍ ሐረጉን የረሳ ሰው የሚደውልበት ቦታ የለውም። ምስጠራው በትክክል ከተሠራ ሻጩም ቢሆን ሊከፍተው አይችልም። ጥንካሬውም ጉድለቱም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ በብራውዘር የሚሠራ ሶፍትዌር በተከፈተ ቁጥር ከሻጩ ድረ ገጽ አዲስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ትላንት ታማኝ የነበረው ዛሬ ቢለወጥ ተጠቃሚው አያውቅም። በብራውዘሩ ላይ የተጨመሩ ትናንሽ ማራዘሚያዎችም፣ ለምሳሌ የሰዋስው ማረሚያ ወይም የማስታወቂያ መከላከያ፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በገጹ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላሉ። ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢጠነክር ጽሑፉ በሚጻፍበት ሰዓት ክፍት ነው።

አራተኛ፣ ብዙ ባለሙያ ያለው ክሊኒክ አንዱ ሲታመም ሌላው ታካሚውን እንዲረከብ ይፈልጋል። በአንድ ኮምፒውተር የታሰረ ማስታወሻ ለዚህ አይመችም። ስለዚህ ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ሦስተኛው ዓይነት፣ ለብዙዎች ማዕከል ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት የተሻለ ነው ማለት ይቻላል።

በእኛ ገበያ

በአገራችን የአእምሮና የሥነ ልቦና ሕክምና ሲነሣ ለብዙ ዓመታት የሚጠራው አንድ ስም ነበር፤ አማኑኤል ሆስፒታል። ዛሬ በአዲስ አበባ የግል የምክር አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከላት ይታያሉ። ብዙ ቦታ መዝገቡ አሁንም የወረቀት ካርድ ነው። ወረቀት ሊናቅ አይገባም፤ ከሩቅ አገር ሆኖ የካርድ ክፍልን የሚዘርፍ የለም። ግን ይቃጠላል፣ ይጠፋል፣ የካርድ ክፍሉም ሠራተኛ ያነበዋል። ታካሚው የሠፈር ሰው ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ኮምፒውተር የሚዞረው ክሊኒክ ሦስት የአገር ውስጥ እውነታዎች ይገጥሙታል።

የመጀመሪያው ሕጉ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያሻቸው የግል መረጃዎች መድቦታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያተኩረው ሰብሮ በሚገባው ላይ ነበር። አዲሱ ግን መረጃውን በሚይዘው ላይም ግዴታ ይጥላል። ይህ ለክሊኒክ ባለቤት ትልቅ ለውጥ ነው። ተሰረቅሁ ብሎ መክሰስ ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት አስቀምጠኸው ነበር ተብሎም ይጠየቃል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። የውጭ ሶፍትዌሮች በወር፣ በባለሙያ ቁጥር፣ በዶላር ነው የሚከፈሉት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር ከዚያ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ክሊኒክ ዋጋውን ሳይነካ ወጪው ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በአንጻሩ ሰርቨር የማይፈልገው ሦስተኛው ዓይነት ሻጩን የሚያስወጣው ወርኃዊ ወጪ አነስተኛ ነው። የአገር ውስጥ ፕሮግራመር ሊሠራውና በብር ሊሸጠው ይችላል። በሶፍትዌር ላይ ገንዘብ ለማውጣት ለሚያስቡ አንባቢያን ክፍተቱ እዚህ ላይ ይታየናል።

ሦስተኛው መስመሩ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር የምንረሳው አይደለም። ማስታወሻው በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የነበረ ባለሙያ በእነዚያ ሳምንታት የታካሚውን ታሪክ ማየት አይችልም ነበር። ያውም ሰው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሐኪም በሚፈልግበት ሰዓት።

አንድ ተጨማሪ ነገር እናንሳ። የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ማስታወሻውም በእንግሊዝኛ መጻፉ የተለመደ ነው። ታካሚው ግን የተናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው። "ሆዴ ቆሰለ" ያለን ሰው ቃል በእንግሊዝኛ ሲያስቀምጡት ለሌላው ሐኪም የጨጓራ ሕመም ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ስለተካተተ ዛሬ ማንኛውም ብራውዘር ያሳየዋል። የታካሚውን ቃል እንደተናገረው መጻፍና በኋላም ፈልጎ ማግኘት የሚያስችል ሶፍትዌር የውጭዎቹ የማያስቡለት ገበያ አለው።

ከመፈረም በፊት

ክሊኒክ የሚገዛ ሰው የሕንፃውን ኪራይ ውል፣ የመሣሪያውን ዕድሜና የግብር ክሊራንሱን ይጠይቃል። ከፊንላንዱ ጉዳይ በኋላ የሚከተሉትንም መጠየቅ ተገቢ ነው።

የታካሚ ማስታወሻ በየትኛው ማሽን ላይ ነው የተቀመጠው? ማሽኑስ የማን ነው? ጽሑፉ የተመሰጠረ ከሆነ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ከሐኪሙ በቀር ማን ሊያነበው ይችላል? መጠባበቂያ ቅጂው የት ነው፣ ተሞክሮ ተመልሶ ያውቃል? ባለፉት ሦስት ዓመታት የገባ፣ የጠፋ ወይም የተጠረጠረ ነገር አለ? ሻጩ ለዚህ በጽሑፍ ማረጋገጫ ይሰጣል? ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ከሽያጩ ዋጋ የሚያዝ ገንዘብ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊታለፍ አይገባም። ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በባንክ ታግዶ እንዲቆይ መስማማት የተለመደ አሠራር ነው። ኢንቴራ ገንዘቡን ለማስከበር ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈለገው ጉዳዩ ከግዢው በኋላ በመውጣቱ ነው።

ሶፍትዌር የሚሸጠው ደግሞ ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። የደንበኞቼን ማስታወሻ ማንበብ እችላለሁ? እችላለሁ ካለ የእነሱን ዕዳ በራሱ ሒሳብ ላይ ተሸክሟል፤ የወርኃዊ ክፍያውም ያን ዕዳ የሚሸፍን መሆን አለበት። አልችልም ካለ የሚሸጠው ዋና ዕቃ ይኸው አለመቻሉ ነው፤ በግልጽ ያስተዋውቀው።

ታካሚውስ? እሱ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይጠይቅም። በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ለማንም ያልነገረውን ይናገራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። የከፈለው ለምክሩ ብቻ ይመስለዋል። ለዝምታውም ጭምር እንደከፈለ ማስታወስ ያለበት ክሊኒኩን የያዘው ነጋዴ ነው።